አዋጁ ጸድቋል፤ ችግኙስ?

የሦስተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ሳለሁ፣ ለተግባር ልምምድ ከተመደብኩበት መሥሪያ ቤት ጋር የችግኝ ተከላ ልዘግብ ወጣሁ። ወሩ ሐምሌ ነው። ቦታው ከሆሳዕና ብዙም የማይርቅ ወንዝ ዳር ነው። ጉድጓዶቹን ገበሬዎች ቀድመው ቆፍረዋቸዋል። ኃላፊዎች በመኪና መጡ፤ አዳዲስ ቦት ጫማ ተጫማቹ፤ ንግግር ተደረገ፤ ችግኝ ተተከለ፤ ፎቶ ተነሣ። እኔም «በወንዙ ዳርቻ በሺህ የሚቆጠሩ ችግኞች ተተከሉ» ብዬ ጻፍኩ። ዜናው ተላለፈ፤ ደስ አለኝ፤ እናቴ ጋ ሳይቀር ደወልኩ።

በዓመቱ ተመልሼ ሄድኩ። ያው ወንዝ፣ ያው ዳርቻ፣ ያው ንግግር። አንድ አባት ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ የአምናው ጉድጓድ እንዳለ ስለሆነ ብዙ መድከም እንደማያስፈልገን እየሳቁ ነገሩን። እውነታቸውን ነበር። ጉድጓዱ አለ፤ ችግኙ የለም። ከብት የበላው በልቶታል፣ ጎርፍ የወሰደውን ወስዶታል። እኔ ግን ስለ ጉድጓዱ አልጻፍኩም። «በሺህ የሚቆጠሩ ችግኞች ተተከሉ» ብዬ ደገምኩት።

እናም ይህ ጽሑፍ በከፊል ንስሐ ነው። በከፊሉ ደግሞ ጠብ ነው።

አማርኛ አንዳንዴ ከእኛ ይልቅ ብልህ ነው። «ጸደቀ» የምትለው ቃል ለሁለት ነገር ትሠራለች። አዋጅ ሲጸድቅ አዲስ አበባ ውስጥ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል፣ ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። ችግኝ ሲጸድቅ ግን ማንም አያጨበጭብም፤ ዝም ብሎ ሥር ይሰዳል። የወንዝ ዳር ደኖቻችን ችግር በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ጽድቀት ሞልቶናል፤ ሁለተኛው ጠፍቶናል።

አዋጅ አጣን የሚል ካለ እስቲ እንቁጠር። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በውስጡ ስለ ውኃ ዳርቻ የሚናገር አንቀጽ አለ። ተቆጣጣሪው አካል ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ጋር ተመካክሮ የውኃ አካላትን ዳርቻ ሊከልል፣ በተከለለው ዳርቻ ውስጥ ዛፍና ዕፅዋት መቁረጥንና መመንጠርን፣ መኖሪያ ቤት መሥራትንም ሊከለክል ይችላል ይላል። ልብ በሉ፤ «ይችላል» ነው የሚለው። «አለበት» አይልም። ይኸው ሃያ አምስት ዓመት «ይችላል» ስንል ኖርን። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከዶዮገና እስከ ሺንሺቾ በሄድኩባቸው መንገዶች ብዙ ድልድይ ተሻግሬአለሁ፤ «የወንዙ ድርሻ እስከዚህ ነው» የሚል አንድ ችካል ተተክሎ አላየሁም። ያየሁት ማሳ ነው። ማረሻው ውኃው ጫፍ ድረስ ይወርዳል፣ ከዚያ አፈሩ ራሱ ወደ ውኃው ይወርዳል።

ሁለተኛው አዋጅ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ይህኛው ከበፊቱ ይሻላል። የ1999ኙ የደን አዋጅ የሚያውቀው የመንግሥትና የግል ደንን ብቻ ነበር። አዲሱ የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን ጨመረበት። ማለትም አንድ የወንዝ ዳር መንደር ተሰባስቦ «ይህ ደን የእኛ ነው፣ እንጠብቀዋለን፣ እንጠቀምበታለን» ቢል ሕግ ያውቀዋል። በሩ ተከፍቷል። ችግሩ በሩ መከፈቱን ለመንደሩ የነገረ የለም።

በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አረንጓዴ አሻራ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። በቀጣዩም፣ በዚያ ቀጣዩም ዓመት ቁጥሩ በቢሊዮን ሆነ። የጽድቀት መጠኑ ከ80 በመቶ በላይ ነው ሲባልም ሰማን። እኔ ዘመቻውን ለማጣጣል አልተነሣሁም። ሰው ሁሉ በአንድ ቀን እጁን አፈር ውስጥ መክተቱ መልካም ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ወንዝ ዳር ያለው ነገር በመትከል ይመለሳል ወይ?

ወደዚህ ጥያቄ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የባሕር ዛፍ ልጅ ነኝ።

አባቴ ከዱራሜ መንገድ ገባ ብሎ፣ በአንዲት ትንሽ ጅረት ዳር፣ መሬት አለው። ከጅረቷ ዳር አያቴ የሚያውቁት ዶቅማና ሾላ ነበር አሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም። እኔ ስደርስ ባሕር ዛፍ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ሲነሣ አባቴ አንድ ረድፍ ቆረጠ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሌላ ረድፍ ቆረጠ። ለመስቀል በሬ ለመግዛት የተቆረጠውን አልቆጥረውም። በኛ አካባቢ ባሕር ዛፍ ዛፍ አይደለም፤ የባንክ ደብተር ነው። ብትቆርጠው ከጉቶው መልሶ ያድጋል፤ እንደሱ ያለ ባንክ የት ይገኛል? ይህን ሁሉ እያወቅሁ በዚያ ገንዘብ ተምሬ መጥቼ፣ አባቴን «የሥነ ምህዳር ጠላት» ብዬ ብሰድብ እኔስ ምን ልባል ነው?

ስለዚህ ባሕር ዛፍ ይውደም አልልም። በምኒልክ ዘመን ወደዚህ ሀገር ባይመጣ ኖሮ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ስንት ሀገር በቀል ዛፍ በተቆረጠ ነበር። የኔ ጠብ ከቦታው ጋር ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ ይወዳል፣ ሥሩ ብዙ ውኃ ይስባል፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ልብ ሣር አይበቅልም። ሣር የሌለው የወንዝ አፋፍ፣ ዝናብ ሲመታው አፈሩን የሚይዝለት የለም። ሾላውና ዶቅማው፣ ዋንዛውና ብሳናው፣ ከሥራቸው ያለው ቁጥቋጦና ሣር ተደራርበው ነው ዳሩን የሚያስሩት። ጠፍ ኮረብታ ላይ፣ መንገድ ዳር፣ ከውኃ ርቆ ይተከል፤ ማን ይከለክላል? ወንዝ ዳር ግን ቦታው አይደለም። በአንድ ዘመቻ ላይ ግን ባሕር ዛፍ ራሱ ወንዝ ዳር ሲታደል በዓይኔ አይቻለሁ። እስቲ አባቴን ምን ብዬ ልምከረው?

«አንድ ጅረት ምን ያህል ቢሆን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሀዲያና የከምባታ ደጋ የውኃ ጣሪያ ነው። በአንድ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ኦሞ ይሄዳል፤ በሌላው በኩል የወረደው ወደ ስምጥ ሸለቆ። የሆሳዕናው ባተና ራሱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ከሚወርዱት አንዱ ነው። ጉደርና ዌራ ወደ ሻሾጎ ወርደው ቦዮ ረግረግ ይገባሉ። ቢላቴ ከጉራጌና ከስልጤ ደጋ ተነሥቶ፣ የእኛንም ውኃ ሰብስቦ፣ አባያ ሐይቅ ይገባል። የወዲያኛው ፊት ደግሞ በኦሞ በኩል ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቆ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስት ጉያ ይገባል። ደጋ ላይ ከአንዲት ጅረት አፋፍ የተቦረቦረ አፈር ዝም ብሎ አይጠፋም። ወይ ቦዮን ይሞላል፣ ወይ አባያን ያቀላል፣ ወይ ግድቡ ሥር ይተኛል። ሻሾጎ ላይ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ማሳና ቤት ሲያጥለቀልቅ «የተፈጥሮ አደጋ» እንላለን። ተፈጥሮ ብቻዋን አላደረገችውም። ከላይ ያለነው እጃችን አለበት።

አሁን ወደ ጥያቄው። በመትከል ይመለሳል ወይ?

መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ጎረቤት ወላይታ፣ ሁምቦ ነው። እዚያ ያለ አንድ ተራራ ተራቁቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ሰው ጋር ሥራ ሲጀምር 2,728 ሄክታር ተከለለ። ሥራው በአብዛኛው ተከላ አልነበረም። ከመሬት በታች የተረሱ ጉቶዎችና ሥሮች በሕይወት ነበሩ። ከብት እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይቆርጥ ተደረገ። የበቀለው ቀንበጥ ተመርጦ ተገረዘ። ደኑ ራሱ ተመለሰ። ይህን ዘዴ አስቀድሞ ኒጀር ውስጥ የሠራበት ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ነው። ሰውየው መትከል መተው አለበት አላለም፤ ከመትከል በፊት ጎንበስ ብላችሁ እግራችሁ ሥር ያለውን እዩ ነው ያለው።

ዋናው ነገር ግን ጉቶው አይደለም። ዋናው ነገር ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብት ማግኘታቸው ነው። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ። የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድም ለማኅበራቱ መክፈል ጀመረ። ሣር አጭዶ መውሰድ ተፈቀደ። ደኑ ባለቤት አገኘ፣ ባለቤቱም ጥቅም አገኘ። እንግዲህ ሁምቦ የተሳካው ሰው ስለተዘመተበት አይደለም፤ ሰው የራሱን ስለጠበቀ ነው።

ተቃራኒውንም አይተነዋል። በደርግ ዘመን በዘመቻ ተራራ ተከለለ፣ በምግብ ለሥራ ደን ተተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ በብዙ ቦታ ገበሬው መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ለምን? ዛፍ ጠልቶ ነው? አይደለም። ደኑ «የመንግሥት» ስለነበረ ነው። መንግሥት ሲሄድ የመንግሥት የሆነው አብሮ ሄደ። ዛሬ «የአረንጓዴ አሻራ ቦታ» የሚል ታፔላ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ነገ ይህን የሚያስተባብረው ቢሮ ስሙ ቢቀየር፣ ይህ ዛፍ የማን ነው?

ሁምቦን ለመጥቀስ የሚቸኩሉ ሰዎች የሚዘሉትን አንድ ልዩነት ግን እኔ አልዘልም። ሁምቦ ተራራ ነው፤ ወንዝ ዳር ደግሞ የአባቴ ማሳ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የያኔው ከምባታ ጠምባሮ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 500 ያህል ሰው ይኖርበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት እንደተወለድን እኛ እናውቃለን። እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ፣ መሬቱ ለ50 ሜትር ያህል ከወንዝ ጋር ይዋሰናል እንበል። ከወንዙ 15 ሜትር ገብቶ ይከለል ብትለው 750 ካሬ ሜትር ወሰድክበት። ከመሬቱ ከመቶ አሥራ አምስት እጅ ማለት ነው፤ ያውም ለሙን፣ ክረምት ከበጋ ጎመንና ድንች የሚያወጣውን። ይህን ሰው «ለትውልድ ሲባል» ብለህ በባዶ እጅ ልትሸኘው ነው? ደመወዝህ ለትውልድ ሲባል ከመቶ አሥራ አምስት ይቆረጥ ቢባል አንተስ ትስቃለህ?

ሌላም ጉድ አለ። ሀገራችን በ2015 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ትርጉም ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት ያለው፣ ቁመቱ ቢያንስ ሁለት ሜትር የሆነ፣ ጥላው ከመሬቱ ቢያንስ 20 በመቶ የሚሸፍን ነው። የአባቴ 750 ካሬ ሜትር ዶቅማና ሾላ ቢመለስ ለብቻው ደን አይባልም። ጎረቤቱ ኮረብታ ላይ ያለው የባሕር ዛፍ ተክል ግን ደን ተብሎ ይቆጠራል። ቁጥር ለሚያሳድድ ባለሥልጣን እንግዲህ ወንዝ ዳር ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ መንግሥትን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሦስቱም ችግኝ አይደሉም።

አንደኛ፣ ችካል። የ1992ቱን «ይችላል» ወደ «አለበት» ቀይሩት። ክልላችን ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተመሥርቷል፤ ሆሳዕናም መቀመጫው ሆናለች። አዲስ ክልል አዲስ መመሪያ ለማውጣት የማንንም ፈቃድ አይለምንም። ሁሉንም ወንዝ በአንድ ቀን አይከልል፤ በሦስት በአራት ጅረት ይጀምር። ግን ስንት ሜትር እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። አፋፉ ገደል ከሆነ ይስፋ፣ ሜዳ ከሆነ ይጥበብ። ገበሬው በተገኘበት ይለካ፣ በመሬት ደብተሩም ላይ ይስፈር።

ሁለተኛ፣ ክፍያ። ከለላው የገባበት መሬት ከመሬት ግብር ነጻ ይሁን፤ ይህ ለበጀት ኢምንት ነው። በምግብ ዋስትና ፕሮግራም በየዓመቱ ለተፋሰስ ሥራ ከሚወጣው ገንዘብ ላይ ጉድጓድ ለቆፈረ ብቻ ሳይሆን ዳሩን ለጠበቀም ይታሰብ። ውኃ የሚጠጡ ከተሞች ከውኃ ሒሳባቸው ላይ ጥቂት ሳንቲም ለላይኛው ገበሬ ይመልሱ። ሆሳዕና ቧንቧ ከፍቶ የሚታጠብ ሰው ውኃው ከየት እንደመጣ ቢያስብ አይጎዳውም። ዳሩም ባዶ ጥላ ብቻ አይሁን፤ ሣሩ ይታጨድ፣ ቀፎ ይሰቀል፣ ቀርከሃ ይተከል፣ ዋንዛው ሲደርስ ባለመሬቱ ተራ በተራ ይቁረጥ፣ በተቆረጠው ምትክ ሌላ ይደግ።

ሦስተኛ፣ ባለቤት። በአማርኛ ሴራ ስንል ተንኮል ማለታችን ነው። በሀዲይሳና በከምባትኛ ግን ሴራ ማለት ሕግ ነው፤ ሽማግሌዎች የሚያጸኑት፣ ሰው የሚፈራው፣ ጥሶ የተገኘ ለቅሶ ቤት እንኳ ዓይን የሚያፍርበት ሕግ። የቀበሌ ዘበኛ ሌሊት ይተኛል፤ ሴራ አይተኛም። የ2010ሩ አዋጅ የማኅበረሰብ ደንን አውቋል፤ ሴራ ደግሞ ማኅበረሰቡን ያውቃል። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ወረቀት ይጻፍ። ከብት የለቀቀ ምን እንደሚቀጣ ሽማግሌዎቹ ይወስኑ፣ ቅጣቱም ለመንደሩ ይግባ። ይህን ለማድረግ ስብሰባ እንጂ ቢሊዮን አይጠይቅም።

ከዚህ ይልቅ የምፈራው ሌላ ነገር እንዳይመጣብን ነው። አዲስ አበባ ከየካቲት 2011 ጀምሮ «ሸገርን ማስዋብ» በሚል 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ያህል ታቅዶ ተሠራ፣ እየተሠራም ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከያ ደንብ አወጣች። ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ የሚለቅን መቅጣት ደግ ነው፤ እጄን አንሥቼ እደግፋለሁ። ነገር ግን የከተማ ወንዝ ዳርና የገጠር ወንዝ ዳር አንድ አይደሉም። ድንጋይ ንጣፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በመብራት ያጌጠ ዘንባባ መናፈሻ ይባላል፤ ደን አይባልም። ኮሪደር ልማቱ የኛም ከተሞች ጋ ደርሷል። ነገ ባተና ዳር ሲደርስ ኮንክሪት ይዞ እንዳይመጣ ከዛሬው እንናገር። ወንዝ የሚያምረው ስናስጌጠው አይደለም። ስንተወው ነው።

«መንግሥት ያደረገውን ትንሽ ነገር ሁሉ መንቀፍ የናንተ ልማድ ነው» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ መንቀፍ ይቀለናል። ለዚህ ነው ከራሴ የጀመርኩት። ለሁለት ዓመት ያንኑ ጉድጓድ የዘገብኩት እኔ ነኝ። ባለሥልጣኑ ቁጥር የሚያሳድደው እኛ ቁጥር ስለምንጠይቀው ነው። «ስንት ተተከለ?» ብለን ካሜራ የምንደቅን እኛ ነን። «አምና የተተከለው የት አለ?» ብለን ካሜራውን ወደ ታች ያዞርን ቀን ኃላፊው ራሱ ከችግኝ ይልቅ ስለ ከብት ማገድ ማውራት ይጀምራል።

ባለፈው መስቀል አባቴ ጋ ሄጄ ነበር። ጅረቷ ዳር የቀረውን አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ፣ ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ይንቀለው ብዬ ለመንኩት። «ታዲያ ታናሽ እኅትሽን ማን ያስተምራታል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መልሱ ያለው የወንዙን ዳር ከልሉ ከሚለው፣ ነገር ግን ካልከፈለው መንግሥት ዘንድ ነው።

ሐምሌ ሲመጣ እዚያው ወንዝ ዳር እሄዳለሁ። ፎቶ አላነሣም። ጉድጓዶቹን እቆጥራለሁ፣ ውስጣቸውንም አያለሁ፤ ያየሁትንም እዚሁ እጽፋለሁ።